ዛፍ ላይ የወጣው ሣጥን

ሜሪ ዘመናዊው ቀፎ ጉልበት በሚደርስ የእንጨት መቆሚያ ላይ እንደሚቀመጥ፣ የመቆሚያው እግሮችም ጉንዳን እንዳይወጣባቸው ግሪስ እንደሚቀቡ ስታስረዳ፣ ሌሎቹ ሠልጣኞች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ኃይለመስቀል ግን ሳቀ። ሳቁ የንቀት አልነበረም፤ ሰው ጨርሶ ያልጠበቀውን ነገር ሲሰማ የሚያመልጠው ዓይነት ነው። እሱ በተወለደበት በማንኪራ ቀፎ ማለት ሰው አንገቱ እስኪያመው ካላንጋጠጠ የማያየው ነገር ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ቀፎ ደጃፍ ላይ የተረሳ በርጩማ ሆኖ ታየው።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ጥያቄ አለዎት?» አለችው ሜሪ።

«እኔስ የለኝም ልጄ። ንቦቹ ግን ይኖራቸዋል።»

ሠልጣኞቹ ተንጫጩ፤ ሜሪም አብራ ሳቀች። ቦንጋ ከተማ ተወልዳ ያደገች የግብርና ባለሙያ ናት፤ ወጣት ብትሆንም ትልልቅ ሰዎችን ማስተማር አያስፈራትም፣ አያኮራትም። «ለንቦቹ እኔ እመልስላቸዋለሁ» ብላ ትምህርቷን ቀጠለች።

ሰው በኃይለመስቀል ዕድሜ ተማሪ ሆኖ አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ወዶ አይደለም። ካቻምና፣ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን፣ ከዛፍ ወደቀ። ዛፉ ቀረሮ ነው፤ አያቱ ቀፎ የሰቀሉበት፣ አባቱ የሰቀሉበት፣ የማንኪራ ሰው ሁሉ «የኃይለመስቀል ዛፍ» የሚለው ግንደ ወፍራም ቀረሮ። እንዴት እንደወደቀ እሱም አያውቅም። ገመዱ አልተበጠሰም፣ ቅርንጫፉ አልተሰበረም፣ ንብም ዓይኑን አልነደፈውም። እጁ ብቻ ለቀቀ። ገመዱ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ገመዱን ይረግም ነበር፤ የሚረግመው ነገር ማጣቱ ከስብራቱ እኩል አመመው።

በቃሬዛ ተሸክመው ቦንጋ አደረሱት። ሐኪሞቹ ጭኑ ውስጥ ብረት አስገቡለትና ከእንግዲህ ዛፍ የሚባል ነገር እንዳያስብ ነገሩት። እሺ አለ፤ ግን አላመናቸውም። ሚስቱ ብርቄ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ወደ ቤት የሚመለስበትን ቀን ብትጠይቀው፣ «ዛፌ ላይ መውጣት ስችል ነው የምመጣው። ከዚያ በፊት ማንኪራን አልረግጥም፤ ሰው እያነከስኩ አያየኝም» አላት። ብርቄ ሕመሙ ነው እንዲህ የሚያናግረው ብላ ነበር። ሕመሙ እየቀለለ ሄደ፤ ቃሉ ግን እንዳለ ቀረ። ግትር ሰው ነው፤ ይህን ለመደበቅ አልሞክርም።

እናም ቦንጋ ቀረ። መናኸሪያው ጀርባ ሻይ እየሸጠች ሁለት ልጆች ብቻዋን ከምታሳድገው ከሴት ልጁ ከአብርሆት ጋር ይኖራል። ብርቄ ደግሞ ማንኪራን መተው አትችልም፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን ዝንጀሮ ካወቀ እንሰት አይተርፍም፣ በቆሎ አይተርፍም። በገበያ ቀን ቆጮ ጠቅልላ፣ ትንሽ ቡና ቋጥራ ትመጣለች። አጠገቡ ትቀመጥና ስለ ዝንጀሮው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ላም ያወራሉ። ሊያወሩት የፈለጉትን ሳያወሩ ይመሽባቸዋል፤ ትነሣለች። እሷ ከሄደች በኋላ ቆጮውን ሲቆርስ የቤቱን ጢስ ይሸተዋል። ያኔ ልጆቹ እንዳያዩት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

የሚናፍቀው ብዙ ነው። ጫካው ሲነጋ የሚሰማው የጉሬዛ ጩኸት ይናፍቀዋል፤ ከቀረሮው አናት ላይ የሚታየው የዛፎች ጀርባ ይናፍቀዋል። ከሁሉ በላይ ግን ማሩን በገመድ ወደ ታች ሲለቅ ብርቄ ከሥር ሆና «ያዝኩ!» የምትለው ድምፅ ይናፍቀዋል። ከላይ ሆኖ አያያትም፤ ቅጠሉ ይጋርዳታል። ድምፅዋን ግን ይሰማል፤ ገመዱም ይቀለዋል።

ወደ ሥልጠናው ያመጣው ስንዴው ነው። የአብርሆት ቤት በከተማው የምግብ ድጋፍ ውስጥ ገብቷል፤ በየወሩ ስንዴና ዘይት ይሰጣቸዋል። ግን ዝም ብሎ አይደለም። ከየቤቱ መሥራት የሚችል አንድ አዋቂ ሰው በከተማው ጽዳት ወይም በችግኝ ጣቢያ ይሠራል፤ ቀጥሎም ሙያ ሠልጥኖ ራሱን እንዲችል ይጠበቅበታል። የቀረ ሰው የቀረበት ቀን ይቆረጥበታል፤ መቅረት ያበዛ ደግሞ ቤተሰቡ ከድጋፉ ይወጣል። አብርሆት የሻዩን ሥራ ከተወች ልጆቹ ይራባሉ፤ ስለዚህ ያባቷን ስም አስመዘገበች። ኮሚቴው እግሩን አይቶ፣ «እርስዎ አይችሉም፤ ያለ ሥራ ይውሰዱ» ቢለው ዓይኑ በርበሬ መሰለ።

«የተሰበረው እግሬ ነው» አላቸው። «እጄን ማን ሰበረው?»

ችግኝ ጣቢያ ውኃ አጠጪ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት በትሩን ተደግፎ፣ በሌላ እጁ የውኃ ማጠጫውን ይዞ በዋንዛና በብሳና ችግኞች መካከል ይመላለሳል። «እናንተ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ሰው ገና አልተወለደም» እያለ ያሾፍባቸዋል። አጠገቡ የሚሠራው ሻፊ ነው፤ ድሮ በቡና መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነበረ፣ አሁን ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል፤ ምላሱ ግን ምንም አልሆነም። ሥልጠና ምረጡ ሲባል ሻፊ ዶሮ ርባታ ሊመዘገብ ሲል ኃይለመስቀል እጁን ጎትቶ ንብ ማነብ ውስጥ ከተተው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘመናዊ ቀፎ ተሰጣቸው፤ ገና ንብ ያልገባበት አራት ማዕዘን ሣጥን ነው፤ ክዳን አለው፤ ውስጡም ንቦቹ ሰፈፍ የሚሠሩባቸው ፍሬሞች ተደርድረዋል። ቀፎው እስከ ሥልጠናው መጨረሻ ከማሠልጠኛው ግቢ አይወጣም፤ ከዚያ በኋላ ግን ባለቤቱ ወደ ፈለገበት ይወስደዋል። ይህን ሜሪ ደጋግማ ነግራቸዋለች።

አንድ የገበያ ቀን ብርቄ መጣች። ሻይ ቀረበላት፤ አልጠጣችውም።

«ወልደ ማርያም ዛፉን ጠይቋል» አለች፤ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሣ። ወልደ ማርያም የኃይለመስቀል የአጎት ልጅ ነው። «ካቻምና ከወደቅህ ወዲህ ባዶውን ነው የቆመው። ዘንድሮም ንብ የሚቀስመው የገተሜ ዛፍ ሳያብብ ቀፎ ካልተሰቀለበት እኔ ልስቀልበት ይላል። ሽማግሌዎቹ ተገቢ ነው ብለዋል።»

ኃይለመስቀል በትሩን ወደ ራሱ ሳበ። በእነሱ መንደር ባዶ ዛፍ ዘመድ ከጠየቀው አይከለከልም።

«ቀፎ ካለበትስ?»

«ቀፎ ካለበትማ የባለ ቀፎው ነው።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

ችግሩ ኃይለመስቀል ቀፎ የለውም። አንዱ አብሮት ወድቆ ተሰነጠቀ፤ የቀሩት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለመድኃኒት ተሸጡ። አዲስ ግንድ ቆርጦ እንዳይፈለፍል እግሩ አይቆምለትም። በሰው ቀፎ ደግሞ ዛፍ አይያዝም፤ ያስቃል። በማግሥቱ ችግኞቹን እያጠጣ ሲያስብ፣ ሲያወጣ፣ ሲያወርድ ቆየና የውኃ ማጠጫውን መሬት አስቀመጠ። ቀፎማ አለው! ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ተቀምጧል።

«ጤና የለህም እንዴ ኃይሌ?» አለው ሻፊ ሐሳቡን ሲሰማ። «ያንን ሣጥን ዛፍ ላይ?»

«ቀፎ ነው ብለው አይደል የሰጡን? ቀፎ ከሆነ ይሰቀላል።»

ሜሪን አልጠየቃትም፤ መልሷን ያውቀዋል። ማንኪራን አልረግጥም ያለውንም ለዛፉ ሲል ለአንድ ቀን ተወው። ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራ ሲገባ ሁለቱ ሣጥኑን ሞተር ላይ ጭነው ወጡ። መንገዱ እስከሚያልቅበት በሞተር ሄዱ፤ ሞተረኛው እዚያው ሊጠብቃቸው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ሻፊ ወገቡን እየረገመ ሣጥኑን ራሱ ላይ ተሸከመ፤ ኃይለመስቀል በበትሩ ተከተለ። የጫካው እርጥብ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ሻፊ ደክሞት ነው ብሎ ውኃ ሰጠው። አልደከመውም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሕልሙ ሲያየው የኖረው ቦታ እንዳለ፣ ያለ እሱም እንደ በፊቱ አረንጓዴ ሆኖ ስላገኘው ሆድ ብሶት ነው።

ብርቄ ጓሮ ውስጥ እንሰት እየፋቀች ነበር። ቀና ብላ አየችው። በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ እጆቿ በእንሰት መለወሳቸው ትዝም አላላትም።

«መጣህ!» አለች። እየሳቀች ታለቅሳለች። «መጣህ እኮ! ልትመጣ እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም? ቤቱን እንኳ…» ሣጥኑን ያየችው ያኔ ነው። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀፎ ነው። ዛፌ ላይ ላሰቅለው ነው። ዛሬውኑ እመለሳለሁ።»

በብርቄ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ድርግም አለ። እጇን በኮባ ቅጠል ጠረገችና ወደ ዛፉ ከሚሄዱት ኋላ ተከተለች።

አሁን ማን ይውጣ? «እኔን አትዩኝ» አለ ሻፊ፤ «እኔ አልጋ ላይ ስወጣም ያዞረኛል።» በዚያ አካባቢ ቀረሮውን የሚደፍር አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ዛፉን የጠየቀው ወልደ ማርያም ነው። ተጠራ። መጣ። ኃይለመስቀልን ትከሻ ለትከሻ ሳመው፤ የተፈለገበትን ሲሰማ ብርቄን አየት አደረገና፣ «እሺ ጋሼ፤ እርስዎ ካሉ» ብሎ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለኃይለመስቀል ይቀለው ነበር።

ወልደ ማርያም ሲወጣ ኃይለመስቀል ሥር ቆሞ አንጋጠጠ። ከዚያ ዛፍ ሥር እንዲህ ቆሞ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከላይ ነው። ከታች የሚታየው ሌላ ነገር ነው። የሰውየው ውስጥ እግር ይታያል፤ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። ቅርንጫፉ ሲንቀጠቀጥ የቅርፊት ብናኝ ዓይን ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ የወልደ ማርያም እግር ሸርተት ሲል የኃይለመስቀል ልብ ቀጥ አለ። «ቀስ በል! ግራህን አጽና!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። ይህ ሁሉ ጭንቅ ከታች እንዳለ ማን ነገረው? ዞር ብሎ ብርቄን አያት። እሷ ወደ ላይ አታይም። ጀርባዋን ለዛፉ ሰጥታ፣ ዓይኗን ከእንሰቱ ላይ ተክላ ቆማለች።

ሣጥኑ ታስሮ መሳብ ጀመረ። የማንኪራ ቀፎ ድብልብል ነው፤ በቅርንጫፍ መካከል ሹልክ ብሎ ያልፋል። ሣጥን ግን ማዕዘን አለው። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ያዘው፤ ሲጎትቱት ዞረ፤ ሲዞር ክዳኑ ተከፈተ። ከዚያ ፍሬሞቹ እንደ በሰለ ኮክ ተራ በተራ ረገፉ። አንዱ ድንጋይ ላይ አርፎ ለሁለት ተከፈለ።

«ያ አላህ!» አለ ሻፊ ራሱን ይዞ። «የሜሪ ሣጥን!»

«ጋሼ» አለ ወልደ ማርያም ከላይ፣ «ይኼ ቀፎ ነው ወይስ ቁም ሣጥን?»

ሻፊ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ባዶው ሣጥን እየተሽከረከረ ወረደ። ኃይለመስቀል ጎንበስ ብሎ ገመዱን መፍታት ጀመረ።

«አስተሳሰሩ ነው ያልሆነው» አለ። «በአራቱም በኩል ከታሰረ ይወጣል። እንደገና እንሞክረው።»

«በቃ» አለች ብርቄ።

«አንዴ ብቻ…»

«በቃ አልኩህ! ወልደ ማርያም ዛፉን አልጠየቀም። እኔ ነኝ ሄጄ ጠይቅ ብዬ የለመንኩት። ሽማግሌዎቹም ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ሻፊ አንዱን ፍሬም እንዳነሣ ቀረ። ወልደ ማርያም ይውረድ አይውረድ ጠፍቶት ቅርንጫፉን አቅፎ እንደ ጉሬዛ ተቀመጠ።

ኃይለመስቀል ጆሮውን አላመነም። «አንቺ? የአባቴን ዛፍ?»

«አዎ፣ እኔ።» ወደ እሱ ዞረች። «ዛፌ ላይ ስወጣ እመጣለሁ አልክ። አትወጣም። ሐኪሙም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ። ዛፉ ያንተ እስከሆነ ድረስ አትመጣም፤ የሌላ ሰው ከሆነ ግን የምትጠብቀው ነገር አይኖርህም ብዬ ነው። ካገባሁህ ጀምሮ ስትወጣ አይቼህ አላውቅም። አልችልም። ጀርባዬን ሰጥቼ ድምፅህን ነበር የምጠብቀው። የወደቅህ ቀንም ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እኔ ማር አልጠየቅሁህም። ማታ ማታ እሳት እያነደድኩ ለማን እንደማነደው አላውቅም። አንተ ሞተሃል ብዬ እንዳለቅስ አልሞትክም፤ አለህ ብዬ እንዳልቀመጥ የለህም።»

ኃይለመስቀል ፊቱ ጠቆረ። ብዙ ሊላት ፈለገ፤ ስለ አያቱ፣ ስለ ዛፉ ስም፣ ስለ ወንድነቱ። ከአፉ የወጣው ግን ያው ነው። «የአባቴ ዛፍ እኮ ነው።»

«አባትህ ሞተዋል» አለች ብርቄ። «እኔ አለሁ።»

የቀረሮው ሥር ላይ ተቀመጠ። ሻፊ ፍሬሞቹን እየለቀመ ሣጥኑ ውስጥ መለሳቸው፤ ወልደ ማርያም ድምፅ ሳያሰማ ወርዶ ገመዱን ጠቀለለ። ኃይለመስቀል ተናዶ ነበር፤ ንዴቱ ግን የሚያርፍበት አጣ። ሚስቱ ያታለለችው እንዲመጣላት ብላ ነው። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷን ድምፅ ሲናፍቅ፣ ድምፅዋ እዚሁ ብቻውን ሲጠራው ኖሯል። በእግሩ ሳይሆን በራሱ አፈረ።

በበትሩ ተደግፎ ተነሣ። መዳፉን ግንዱ ላይ አሳረፈ፤ ቅርፊቱ ያው የሚያውቀው ቅርፊት ነው።

«ወልደ ማርያም፣ ስቀልበት» አለ። «ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ እንዳትወጣ። በምሥራቅ በኩል ያለው ትልቁ ቅርንጫፍ ላይ ንቡ ቶሎ ይገባል። ሁለቱን ነገር ያዝ፤ ሌላውን ራስህ ታውቀዋለህ።» ወልደ ማርያም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስመው ሲል ትከሻውን ይዞ አቆመው።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ከዛፉ ሥር ኔትዎርክ እንዳለ ረስቶት ነበር።

«ጋሽ ኃይሌ!» አለች ሜሪ። «አቴንዳንስ ላይ የሉም፤ ቀፎውም ሳይት ላይ የለም። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር ልጄ» አላት። «አሁን ወርዷል።»

«ማን? ቀፎው ወይስ እርስዎ?»

«ሁለታችንም።»

«ኧረ ጋሽ ኃይሌ!» አለች፤ ልትቆጣ ፈልጋ አልሆነላትም። «የዛሬው ይቆረጣል፤ ሪፖርትም አደርጋለሁ። የተሰበረ ነገር ካለ ራስዎ ይጠግኑታል። ነገም ከቀሩ ግን ልጅዎ ቤት ላይ የሚመጣውን እኔም አልመልሰውም።»

«ነገ እገኛለሁ።»

ብርቄ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ቤት ገብታ ቡላ ሠርታ አበላቻቸው። ሻፊ ወግ ሊያመጣ ሞከረና የሚሰማው ሲያጣ ሣጥኑን አንሥቶ፣ «እኔ ቀደም ልበል፤ ሞተረኛው እንዳይሄድብን» ብሎ ወጣ።

«ዛሬ እንኳ እደር» አለችው።

ለማደር የነበረውን ጉጉት በምን ልንገራችሁ? መደቡ እንኳ እንደ ቀድሞው ነው፤ የእሱ ቦታ ሳይነጠፍበት ቀርቶ አያውቅም። «ስንዴው የልጆቹ ነው ብርቄ» አላት። «ከቀረሁ አብርሆት ትጎዳለች። ሥልጠናው ክረምት ሳይገባ ያልቃል። ያኔ ሣጥኑ የእኔ ነው፤ ለአብርሆትም ከማሩ ይተርፋታል። ጓሮ ውስጥ የምናስቀምጥበትን አንቺ ምረጪ። በቅርብ እዚሁ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ነው፤ አብረን እንከፍተዋለን።»

«እኔም? ሴት ቀፎ ስትከፍት አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«መሬት ላይ ያለ ቀፎም አይተን አናውቅም ነበር።»

ብርቄ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና ልሸኝህ አለችው። ዝንጀሮው እንሰቱን ይጨርሰዋል ቢላት፣ «ዛሬ ይብላው» አለች።

በቀጭኑ መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። ስለ ዝንጀሮው አላወሩም፤ ስለ ዝናቡም አላወሩም። አንድ ቦታ ላይ እጁን ያዘችው፤ ሰው ቢያያቸው ለመደገፍ ይመስላል። «ያምሃል?» ትለዋለች፤ «አያምም» ይላታል፤ ያመዋል። ወደ መንገዱ ሲቃረቡ የሞተሩ ጥሩንባ ተሰማ፤ ሻፊ ነው፣ ኑ ማለቱ ነው። ኃይለመስቀል እርምጃውን አላፈጠነም። ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ሲረግመው የኖረውን እግር ያን ቀን ቀስ ብሎ ስለሚሄድለት በልቡ አመሰገነው። ብርቄም ከእሱ ብሳ ቀስ አለች።